አጎቴ አንጁሎ ሣር ፍለጋ የዞረበት ክረምት

ባለፈው ሐምሌ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ በምትወርድ ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡ ሴትዮ የላምባ ጀሪካናቸውን እግራቸው ሥር አድርገው፣ ዝናብ የጠጣ ጋቢያቸውን እየጨመቁ «ሸተተሽ አይደል ልጄ? ይቅርታ» አሉኝ። ኧረ ይሽተተኝ! እርጥብ ጋቢና ላምባ አንድ ላይ ሲሸቱ ለሌላው ሰው ምን እንደሚመስሉ እንጃ፤ ለእኔ ግን የአጎቴ የአንጁሎ ሽታ ናቸው። ሳልፈልግ ሳቅኩ። ሴትዮዋ ምን እንዳሳቀኝ ቢጠይቁኝም መልሱ ከመንገዱ ይረዝም ነበርና ተውኩት።

አንጁሎ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። እናቴ «ጋሼ» ስለምትለው እኛም ልጆቿ ጋሼ እንለው ነበር። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ እኔ ሦስተኛ ክፍል ጨርሼ ትምህርት ቤት በተዘጋ ሰሞን፣ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ያለው ግቢያችን ፊት መኪና አቁሞ ጥሩምባ ነፋ። ከመወለዴ በፊት አዲስ አበባ የገባ ሰው ስለሆነ አይቼው አላውቅም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ኮፍያ ያደረገ ሰው ወረደ። እናቴ የምትሸጠውን ነጠላ እንደያዘች አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ እኔ ግን ዓይኔ መኪናው ላይ ነበር።

ያን መኪና ብታዩት! አምቡላንስ የነበረ አሮጌ ላንድሮቨር ነው፤ አዲስ አበባ በጨረታ ገዝቶ ኋላውን ቤት አድርጎታል። በአንድ በኩል አልጋ፣ በሌላው የላምባ ምድጃ፣ ከላይ የሽንኩርትና የድንች መረብ፣ በመስኮቱ የዶርዜ ጥለት መጋረጃ። ከአዲስ አበባ ሲመጣ እዚያው አብስሎ፣ እዚያው ተኝቶ ነው የደረሰው። የሰፈራችን ሰው ቤቷን ተሸክማ የምትሄድ ብሎ «ኤሊ» አላት፤ ፍጥነቷንም ያየ ሰው ስሙን አልተቃወመም።

ከአልጋው ሥር ደግሞ ረጅም የቆዳ ቦርሳ ነበር፤ በውስጡ ጫፋቸው የታጠፈ የብረት ዱላዎች። ጎልፍ መጫወቻ ናቸው አለኝ። እያንዳንዱ ዱላ ላይ ቁጥር ተጽፏል። እኔ በክፍላችን እንደሚደረገው ደረጃቸው መሰለኝ። ጋሼ አብልጦ የሚወደው ሰባት ቁጥሩን ነበርና «ምስኪን፣ ሰባተኛ ወጥቶም ይወደዋል» ብዬ ለዱላው አዘንኩለት።

የጋሼን ታሪክ እናቴ ደብቃኝ አታውቅም። በልጅነቱ ከደጋው፣ ከአያቴ የሽመና ጉድጓድ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሄደው እንደ አገሩ ልጅ ሁሉ ሸማ ሊሠራ ነው። አያቴ የራሳቸውን መወርወሪያ በእጁ አስይዘው ሸኙት። እሱ ግን ብዙም ሳይቆይ ፈረንጆችና ትላልቅ ሰዎች ጎልፍ የሚጫወቱበት ሜዳ ቦርሳ ተሸካሚ ሆኖ ተቀጠረ። ወሬው አያቴ ዘንድ ሲደርስ፣ «መወርወሪያዬን ጥሎ የሰው ዱላ ከተሸከመ በደጄ እንዳያልፍ» ብለው ላኩበት። እሱም አላለፈ። ሜዳው ላይ አርጅቶ፣ በመጨረሻ የሣሩ ኃላፊ ሆኖ፣ ጡረታ ሲወጣ አንድ ወደ አገሩ የሚመለስ ፈረንጅ ዱላዎቹን ሰጠው።

ጋሼ በመጣበት ቀን ማታ እናቴ ራት ላይ ፊት ለፊት ነገረችው። «ጋሼ፣ የአባባ ዓይን እየከዳቸው ነው። ዘንድሮ ካልገባህ ለለቅሶ ነው የምትገባው።»

«ሣሩን ላየው ነው የመጣሁት» አለ ጋሼ፣ ቆጮውን ዳጣ እያስነካ። «ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ሣር ላይ የሰው ዱላ ተሸክሜ ኖርኩ። አሁን በአገሬ ሣር ላይ የራሴን ኳስ ልምታ።»

«ዝናብ ነው እኮ! በጭቃ ምን ትሆናለህ?»

«ሣር ልኩ የሚታወቀው በዝናብ ነው።»

«ሂድ እሺ» አለች እናቴ። «ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት። አስቴርን ግን ይዘሃት ትሄዳለህ።» እኔን ደግሞ ጓዳ አስገብታ «ልጅ የያዘ ሰው ከደጅ አይመለስም፤ ስላንቺ ሲል ይገባል። አደራሽን» አለችኝ። ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ለነበርኩት ለእኔ ከዚያ የሚከብድ አደራ አልነበረም። እኔ ግን የአያቴን ደጅ መንገድ መሃል የቆመ በር አድርጌ ነበር የተረዳሁት። አንድ ቦታ ላይ መንገድ የሚዘጋ ትልቅ በር አለ፤ ኤሊ እዚያ ስትደርስ ትቆማለች፤ እኔ ወርጄ አንኳኳለሁ። ያን ክረምት በሙሉ በየጥምዝምዙ ያንን በር ስጠብቅ ነበር።

የመጀመሪያ ሙከራችን ከታች ቆላው ላይ ሆነ። ኩልፎ ወንዝ ዳር ጭቃው ከሙዙ ጋር ተባብሮ ኳሳችንን ዋጠ። ጫሞ ሐይቅ ዳር ግን ጉማሬ ሌሊት ሌሊት እየወጣ የሚግጠው ሣር አለ፤ አጭርና እኩል። ጋሼ ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ዳሰሰው፤ «አቤት! ይህንን ለማጨድ እኛ ሞተር ነበረን» አለ። ዓሣ አጥማጆቹ ሥራ ትተው ከበቡን። ጋሼ ኳሷን መታ፤ ኳሷ ሄዳ የዓሣ አንጀት የሚጠብቁ አባ ኮዳ የሚባሉ ትላልቅ ወፎች መሃል ወደቀች። አንዱ አባ ኮዳ አየት አደረጋትና ዋጣት። የሳቁን ነገር አትጠይቁኝ። አንዱ ዓሣ አጥማጅ «ጋሼ፣ እንቁላል ከሆነ ይፈለፍለዋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይምጡ!» አለው። ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር። ጋሼ ኮፍያውን አውልቆ ለወፉ እጅ ነሣ፤ ከዚያ ለሁሉም ዱላውን እየሰጠ አስሞከራቸው። በዚያ ቀን ወደድኩት።

ከዚያ ደጋ ወጣን። ዝናቡ ከቆላው ዝናብ የተለየ ነው፤ ይዘንባል ከማለት ይልቅ እዚያው ይኖራል ቢባል ይሻላል። የቀርከሃ ቤቶቹ ጭስ እንኳ ረጥቦ ወደ ላይ መውጣት ያቅተዋል። ኤሊ ውስጥ የላምባ ምድጃው ላይ ድንች ይቀቀላል፤ ጋሼ ጋቢውን ከላዩ ዘርግቶ ያደርቃል፤ እኔ አልጋ ላይ ሆኜ ጣሪያው ላይ የሚንጣጣውን ዝናብ እሰማለሁ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ የተኛሁበት ቤት የለም።

ጋሼ በየመንደሩ አንድ ልማድ ነበረው። ሜዳ ሲያይ ዘሎ አይገባም። መጀመሪያ ሽማግሌ ፈልጎ ኮፍያውን ያወልቅና «ዱቡሻችሁ የትኛው ነው?» ይላል። ዱቡሻ በጋሞ አገር ሕዝብ ተሰብስቦ የሚመክርበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ሜዳ ነው። አይታረስም፣ አይቆፈርም፤ አፈሩን መቁረጥ ጎሜ፣ ማለት መዘዝ የሚያመጣ ነውር ነው፤ ጎሜ የሠራ ሰው መዘዙ ለራሱ ብቻ አይደለም፣ ለአገሩ ለከብቱ ነው ይባላል። ጋሼ ዱቡሻውን ካወቀ በኋላ ከዚያ ርቆ የግጦሹን ሜዳ ያስፈቅዳል። ያም ሆኖ ባዶ ሣር ላይ አይመታም፤ ቁራጭ ሰሌን ያነጥፍና ኳሷን ከሰሌኑ ላይ ይመታል። «የከብት ምሳ ነው፤ መቁረጥ ነውር ነው» ይለኝ ነበር። መቼም ዓለም ላይ ሣር እንደዚያ የሚያከብር ሰው አላየሁም።

መጀመሪያ ሲያዩን ይደነግጣሉ። «መሬት ልትለካ ነው?» ይሉታል፤ ያን ጊዜ ኮፍያ ያደረገ ሰው ሜዳ ላይ ከቆመ መሬት ሊለካ ነው። «ኧረ ልጫወት ነው» ሲላቸው ይብስ ይጠራጠራሉ። ያን ዕድሜ የያዘ ሰው በዝናብ የሚጫወተው ምን አጥቶ ነው? ከዚያ ይመታል። እግሮቹን ከፈት አድርጎ ይቆማል፣ ወገቡ ይዞራል፣ እና ያ ድምፅ፤ ጣ! ኳሷ ገደሉን ተሻግራ እንሰቱ ውስጥ ትገባለች። ሕዝቡ «ዋ!» ይላል። ልጆች ሊያመጧት ይሮጣሉ፤ ሽማግሌዎቹ ቦርዴ ያስቀዱልናል። ከየት ናችሁ ሲሉት ግን ጋሼ «ከአርባ ምንጭ» ብቻ ነበር የሚለው። የማን ልጅ እንደሆነ አይናገርም።

ወደ አያቴ መንደር የሚወስድ መገንጠያ ነበር። ሦስት ጊዜ ደርሰን ሦስቴም ተመለስን። ጋሼ ሞተሩን ያጠፋል፣ መሪውን ይዞ ያያል፣ ከዚያ «ያ ድልድይ ያሰጋል» ይላል። በዚያው ድልድይ ላይ ድንች የጫነ አይሱዙ ሲያልፍ እያየሁ እኔም «አዎ፣ ያሰጋል» እላለሁ። በሩ እዚያ ማዶ ይሆናል፣ ቁልፉ ጠፍቶበታል ብዬ አስብ ነበር። አንድ ጊዜ ግን አደራዬ ትዝ ብሎኝ «ጋሼ፣ አያቴ እኮ ዓይናቸው እየከዳቸው ነው» አልኩት። መኪናውን ሲያዞር እጁ ማርሹን ስቶ ሁለቴ አስጮኸው።

ኤሊን ደጋው ሁሉ ያወቃት ግን በኳስ አይደለም። አንድ መንደር ላይ ጋሼ ሰሌኑን ሲያነጥፍ ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው እየሮጡ መጡ። በቀለሙ ሥር የድሮው ቀይ መስቀል ጥላው ይታይ ነበርና አምቡላንስ መሰላቸው፤ ምጥ የጠናባት ሴት ይዘው ነው። ጋሼ «አምቡላንስ አይደለም» ሊል አፉን ከፍቶ ተወው። ዱላዎቹን ሣሩ ላይ ጥሎ አልጋውን ዘረጋ። በዚያ ጭቃ፣ በዚያ ቁልቁለት፣ ሰው እየገፋ፣ እሱ «አይዞሽ እህቴ፣ አይዞሽ» እያለ ጨንቻ ጤና ጣቢያ አደረሳት። ወንድ ልጅ ወለደች። ዱላዎቹን ማንም አልነካም፤ ስንመለስ በእንሰት ቅጠል ሸፍነው አንድ ሽማግሌ ቁጭ ብለው ሲጠብቁልን አገኘን።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ትምህርት ቤት ሊከፈት ነውና ወደ ቤት መመለሳችን ነበር። ጋሼ አያቴ ቤት አልገባም። ይህን ሁለታችንም አውቀን አንነጋገርበትም። ያን ቀን ግን ጎርፍ የታችኛውን መንገድ ቆርጦት አገኘነው። እዚያ የቆሙ ሰዎች የላይ መንገድ እንዳለ ነገሩን፤ ጋሼ አዲስ አበባ ከሄደ በኋላ የተቆፈረ ስለሆነ አያውቀውም። ጋሼ ወዴት እንደሚያወጣ ጠየቀ። «ሁሉንም ይዞራል» አሉት። ይህንንም መልስ ብሎ ያዘው።

ገና ሳንርቅ ጉም ወረደ። ጉም ስል የመኪናው አፍንጫ እንኳ የማይታይበት ጉም ነው። ሊመሽ ሲል ኤሊ ጭቃ ውስጥ ሰመጠች። ጋሼ ድንጋይ ከጎማው ሥር አደረገ፣ ቅጠል አደረገ፣ በመጨረሻ ሰሌኑን ከተተው። ኤሊ አጓርታ ወጣች፤ ሰሌኑ ግን ብጥስጥሱ ወጣ። ትንሽ እንደሄድን መሬቱ ደልደል አለ። «ሜዳ ዳር ሳንሆን አንቀርም፤ እዚሁ እንደር» አለኝ። ድንች በልተን ተኛን።

ጠዋት ስነሣ ጋሼ ውጭ ነበር፤ ጉሙ እንዳለ ነው። ጎንበስ ብሎ ሣሩን ይዳስሳል። «አስቱ፣ ነይ እይ! እንዲህ ያለ ሣር አይቼ አላውቅም» አለኝ፤ ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኗል። እውነትም ለስላሳ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ አንድ አረም የሌለበት ነው። ሽማግሌ የሚጠየቅበት ቤት አይታይም፤ ሰሌን የለም። ጋሼ ትንሽ አመነታ። «የመጨረሻዬ ናት፤ አንዴ ብቻ፣ ቀስ ብዬ» አለና ኳሷን ሣሩ ላይ አስቀመጠ።

ክረምቱን ሙሉ ስቶ የማያውቅ ሰው ያን ጊዜ ሳተ። ዱላው መሬቱን ነክሶ መዳፍ የሚያህል ሣር ከነአፈሩ አንሥቶ ወረወረ። ኳሷ ቅርብ ተንከባልላ ቆመች። «ውይ» አለ ጋሼ።

ከዚያ ነፋስ መጣና ጉሙ ተነሣ። መጀመሪያ ትልቅ ዝግባ ታየ፤ ከሥሩ ዙሪያውን የተደረደሩ መቀመጫ ድንጋዮች ታዩ። ከዚያ ባሻገር የቀርከሃ አጥር፣ እንሰት፣ ቤቶች። የጋሼ ዱላ ከእጁ ወደቀ። ዱቡሻ ላይ ነው ያለነው፤ ያውም በልጅነቱ ከብት ሲያባርርበት ያደገው የአባቱ አገር ዱቡሻ። ፊቱ እንዲያ ሲሆን አይቼው ስለማላውቅ ፈራሁ።

ማንም ከቤት አልወጣም ነበር። ኤሊ ፊቷ ወደ መንገዱ ነው። «ጋሼ፣ እንሂድ! ማንም አላየንም» አልኩት።

«አንቺ አየሽ አይደል» አለኝ።

ሄዶ የተቆረጠውን ሣር አነሣ። በሁለት እጁ ይዞ አምጥቶ ቦታው መለሰው፤ በመዳፉ ጫን ጫን አደረገው። ጫማውን አወለቀ፣ ኮፍያውን አወለቀ። ከሜዳው ጠርዝ እርጥብ ሣር ነጭቶ በሁለት እጁ ይዞ ተንበረከከ፤ በጋሞ እርቅ የሚለምን ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ዝናቡ ጀመረ። እኔ ጋቢውን አምጥቼ ጫንኩበት፤ አውርዶ ለእኔ አለበሰኝ። ያን ሰውዬ ያን ጊዜ ያየው ሰው ፈሪ ነው ሊለው አይችልም። ክረምቱን ሙሉ ከዚያ ቦታ ሸሽቷል፤ መሸሽ በሚቻልበት በዚያች ደቂቃ ግን አልሸሸም።

መጀመሪያ ውኃ ልትቀዳ የወጣች ሴት አየችን፤ እንስራዋን አስቀምጣ ተመለሰች። ከዚያ ሽማግሌዎቹ በትራቸውን ይዘው አንድ በአንድ መጡ። የአገሩ ሀላቃ፣ ማለት ሕዝቡ የመረጣቸው አስተዳዳሪ፣ ወደ ተቆረጠው ሣር ጎንበስ ብለው አዩ፤ ከዚያ ወደ ኤሊ።

«ይህቺ ያቺ የወላዷ መኪና አይደለችም?» አሉ። ንግግሩ በጋሞኛ ነው፤ እኔ የቆላ ልጅ ብሆንም ከእናቴ የሰማሁት ይበቃኝ ነበር። «አንተ ሰው፣ የማን ልጅ ነህ?»

ጋሼ በዚያ ሁሉ መንደር ያልመለሰውን ጥያቄ መለሰ። የአያቴን ስም ጠራ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «ዱላ ተሸካሚው!» አለ አንዱ፤ ሌላው በክርኑ ጎሸመው።

ነገሩ በቅጣት የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። ጎሜ ሲሠራ ግን ይቅርታው እንዲሁ አይሰጥም። መላው ዱቡሻ ይቀመጣል፤ ከመመረቁ በፊት ሁሉም ሆዱ ውስጥ ያለውን ያወጣል። ቂም ይዞ የሚመርቅ ሰው ምርቃቱ አይደርስም። ስለዚህ የታላላቆቹ ሁሉ ታላቅ የሆኑት አያቴ መምጣት ነበረባቸው። አንዲት ሴት እጃቸውን ይዛ አመጣቻቸው። ትንሽ ሰው ናቸው፤ ጣቶቻቸው ግን ረጃጅም ነበሩ። ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ። ጋሼ ቀና ብሎ አላያቸውም።

ሀላቃው አንድ በአንድ ጠየቁ። አንዱ የድንበር ነገር አነሣ፣ ሌላው ያልተመለሰ በሬ፤ ተነጋገሩ፣ ይቅር ተባባሉ። አያቴ ዘንድ ሲደርሱ «እርስዎስ፣ በሆድዎ ምን አለ?» አሉ።

«ሸማውን መተዉ ከፍቶኝ ነበር» አሉ አያቴ። «እሱ ከወጣልኝ ቆይቷል። ዱላ ተሸከመ፤ ይሸከም። እናቱ ስትሞት አልመጣም። መቃብሯ ላይ ታላቁ ልጇ አልቆመም። ይህ አልወጣልኝም።»

ጋሼ ቀና አለ። «አባባ፣ በደጄ እንዳያልፍ ብለው ላኩብኝ እኮ!»

«ብልስ!» አያቴ ከድንጋዩ ተነሡ። ያ ድምፅ ከዚያች ትንሽ ሰውነት እንዴት እንደወጣ አላውቅም። «በማለዳ ተነሥ ስልህ አልሰማህ! ክሩን አታወሳስብ ስልህ አልሰማህ! ሸማውን አትተው ስልህ አልሰማህ! ስንቱን ስልህ ኖሬ፣ ያቺን አንዷን ብቻ ሰማህ?»

ከዚያ ከኋላ አንዲት አሮጊት ሳቀች፣ ሳቋን ለመመለስ አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ ሌሎቹም አልቻሉም። ጋሼ ግን እያለቀሰ ነበር። በጉልበቱ ሄዶ አያቴ እግር ላይ ሣሩን አኖረ። «አጠፋሁ አባባ። ፈርቼ ነው» አለ። አያቴ በእጃቸው ፈልገው ራሱን አገኙት፤ ያን የራሰ ፀጉሩን ዳሰሱት። «ሸበትክ እንዴ?» አሉት። ከዚያ ሣሩን አንሥተው መረቁ፤ ሰዉ በአንድ ድምፅ ተቀበላቸው፤ እኔም የማላውቀውን ቃል እየተከተልኩ ጮኽኩ። መንገድ መሃል የቆመ በር እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ።

ያልቅ መስሎኝ ነበር። አያቴ ግን ከዱቡሻው ስንወጣ፣ በግጦሹ ሜዳ በኩል ወደ ቤታቸው ስናልፍ ቆሙ። «እስቲ አሳየኝ» አሉ።

«ምኑን አባባ?»

«የሄድክለትን ነዋ!»

ጋሼ እኔን አየኝ፤ ሮጬ ሰባት ቁጥሩን አመጣሁ። ሳቂታዋ አሮጊት የእንሰት ቅጠል ቆርጣ አነጠፈችለት። ኳሷን አስቀመጠ፤ እግሮቹን ከፈት አደረገ። እንዳይስት ፈራሁ። አልሳተም። ጣ! ኳሷ ወጥታ፣ ከአጥሩ በላይ፣ ከእንሰቱ በላይ ሄዳ እንደገና እየወረደ ያለው ጉም ውስጥ ገባች።

አያቴ አላዩም፤ ጆሯቸውን ነበር የሰጡት። «ወዴት ሄደች?»

«ጉሙ ውስጥ ገባች አባባ።»

«ርቃ?»

«ርቃ።»

«እንግዲያው ሂድና አምጣት» አሉ። «ከዚያ ግባ፤ ቆጮው ይቀዘቅዛል።»

ጋሼ ሄደ። ሲቆይ እኔም ኳሷ የጠፋችበት መስሎኝ ተከተልኩት። ከእንሰቱ ማዶ አገኘሁት። ኳሷ እግሩ ሥር ናት፣ ነጭ ሆና ትታያለች። አላነሣትም። ጋቢውን የለበስኩት እኔው ነበርኩና በሸሚዙ ብቻ ቆሞ፣ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ያለቅሳል። ኮቴዬን ሰምቶ ዘወር አለ።

«ገና አላገኛትም በያቸው» አለኝ።

ተመልሼ ሮጥኩ። አያቴ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበር፤ ከኋላቸው ሞቅ ያለ ቤት፣ የቀረበ ምግብ፣ «ይግቡ፣ ዝናብ ነው» የሚሉ ሰዎች። «ገና አላገኛትም» አልኳቸው።

«ይፈልግ» አሉ አያቴ፤ አልገቡም።